አያት የምታርመው መጽሐፍ

ባለፈው ዱቦ ሄጄ አንዲት ልጅ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ለአያቷ በወላይትኛ ስታነብ አየሁ። አያትየዋ ፊደል አይለዩም አሉኝ፤ ልጅቷ ቃል ስትስት ግን ያርሟታል። ቆሜ ቀረሁ።

ወጋጎዳን የሚያስታውስ ያስታውሳል። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅለው የመማሪያ መጽሐፍ አሳተሙበት። ስሙ ራሱ ከአራቱ መነሻ ፊደላት የተቀጣጠለ ነው። ቋንቋዎቹ እርግጥ ዘመዳሞች ናቸው፤ ለአራቱ አንድ መጽሐፍ ማተምም ወጪ ይቆጥባል። ሐሳቡ ክፉ ነበር ልል አልደፍርም። ግን በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሰው ታሰረ፣ ሰው ሞተ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ በዓመቱ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ለልጆች መጽሐፍ ሰው ይሞታል እንዴ? ያኔ አዲስ አበባ ሥነ ጽሑፍ እያስተማርኩ «ቃላት እኮ ናቸው!» ብዬ ነበር። (ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነኝ ባይ!) ልጅ ማንበብ ስትጀምር ቃሉን ከቤቷ ይዛው ትመጣለች፤ አዲስ የሚሆንባት ፊደሉ ብቻ ነው። ለቁጠባ ሲባል ማንም የማይናገረውን ቃል ብንሰጣት ከማን ትጠይቃለች? መምህሩም እንደ እሷ እንግዳ ነው። አያትየዋማ ዝም ከማለት በቀር ምን ያደርጋሉ?

ልጅቷ ገጹን ገለጠች። አያትየዋ የሆነ ነገር አሏት፤ «ቀጥይ» ይመስለኛል። ወላይትኛ አልችልም።