ማየት ዕዳ አለው

 

ለዛሬ አንድ ጥያቄ ይዣለሁ። ሰው ለማየት ብቻ ብሎ ሩቅ መንገድ ሲሄድ፣ ያየው ነገር ከእሱ የሚጠብቀው አለ? ወይስ መግቢያውን ከፍሎ፣ ፎቶውን አንስቶ፣ ሒሳቡን ዘግቶ ነው የሚመለሰው?

አላስካ ውስጥ ሰዋርድ ከምትባል የወደብ ከተማ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚመለሱ የጎብኚ መርከቦች አሉ። ተሳፋሪው ዓሣ ነባሪና የባሕር አንበሳ ያያል። ከዚያ መርከቡ ከተራራ ወርዶ ባሕር ከሚነካ ግግር በረዶ ፊት ይቆማል። ከግግሩ አንድ ግድግዳ የሚያህል ቁራጭ ተገምሶ ሲወድቅ ሰው ሁሉ ስልኩን ያወጣል፣ ይጮኻል፣ ያጨበጭባል። መገመሱ የግግሩ ተፈጥሮ ነው። ግን አብዛኞቹ የአላስካ ግግሮች ከዓመት ዓመት ወደ ኋላ እየሸሹ መሆናቸውም እውነት ነው። ሰዎቹ የሚያጨበጭቡት ለውበቱ ነው ወይስ ለመሰናበቻው? ብዙዎቹ ጥያቄው ትዝም አይላቸው ይሆናል።

እኛ ባሕሩ የለንም፤ ስሜን ግን አለን። ከጎንደር ተነሥታችሁ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግባችሁ፣ ስካውት ይዛችሁ፣ ሳንቃበርን አልፋችሁ ጭንቅ ድረስ ወጥታችሁ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል። በመንገዳችሁ ጭላዳ ታያላችሁ፤ ከቀናችሁ ደግሞ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር የትም የማይገኘውን ዋልያ።

ግግር በረዶም ነበረን። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የራስ ደጀንና የቧሂት ከፍታዎች ግግር ተሸክመው ነበር። ዛሬ በረዶው የለም። እየገፋ የከመራቸው የድንጋይና የአፈር ክምሮች ግን በራስ ደጀን ዙሪያ እስካሁን አሉ፤ የሚያውቅ ሰው ሲያያቸው ያነባቸዋል። የማያውቀው ረግጧቸው ያልፋል።

ወዳጆቼ፣ የመጀመሪያው ዕዳ እዚህ ላይ ነው፤ የማወቅ ዕዳ።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ጋሺያህ ግመልን፣ ሰማይን፣ ተራራንና ምድርን እንድናይ ሲጠራን፣ ጥሪው «እዩ» ብሎ አያበቃም። ግመሉ እንዴት እንደተፈጠረ፣ ተራራው እንዴት እንደተተከለ እንድናይ ነው የተጠየቅነው። ዓይን ብቻውን «እንዴት»ን አያይም። በሱረቱ ፋጢርም ነጭ፣ ቀይና ጥቁር መልክ ስላላቸው ተራሮች፣ ስለ ሰዎችና ስለ እንስሳት ቀለም መለያየት ከተነገረ በኋላ ወዲያው የሚመጣው ነገር አላህን በእርግጥ የሚፈሩት ዐዋቂዎቹ መሆናቸው ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ ተራራ፣ እንስሳ፣ ከዚያ ዕውቀት፣ ከዚያ ፍርሃት።

ስለዚህ ጭላዳን ስታይ «ዝንጀሮ ነው» ብለህ አትለፈው። ይህ ፍጡር ኑሮው በሣር ላይ ነው። ሌሊቱን ጠላት በማይደርስበት ገደል ላይ ያድራል፤ ጠዋት ወደ ሜዳው ወጥቶ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣር ሲነጭ ይውላል። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም። ጅብራንም ስታዪ ቆም በዪ። ብዙ ዓመት ቅጠሏን ብቻ ይዛ ትቆያለች፤ አንድ ጊዜ ረጅም አበባዋን ታወጣና ዘሯን ሰጥታ ትሞታለች። ይህን ሳያውቁ «ሱብሓነላህ» ማለት ምንዳ የለውም አልልም። አውቆ ማለት ግን ሌላ ጣዕም አለው።

ሁለተኛው ዕዳ ለፍጡሩ ነው። በሱረቱል አንዓም እንስሳት እንደ እናንተው ሕዝቦች ናቸው ተብለናል። የራሱ ሕይወት ያለው ሕዝብ ደግሞ ለእኔ ፎቶ ብሎ አልተፈጠረም። በአንድ ጉዞ ላይ ሶሓቦች ሁለት ጫጩቶች ያሏት ወፍ አግኝተው ጫጩቶቹን ወሰዱ። እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች መጣች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያዩ በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠየቁና እንዲመልሱላት አዘዙ። ልብ በሉ፣ መንገደኞች ነበሩ። ወፏ ያለችው በቤቷ ነው፤ እንግዶቹ እነሱ ናቸው።

እናም ለጭላዳ ዳቦ የሚወረውር ልጅ ደግ የሠራ ይመስለዋል። ግን እንስሳው ሣሩን ትቶ የሰው እጅ ማየት ከለመደ ነገ ፍርሃቱን ያጣል፤ ከነገ ወዲያ ከጎብኚው ቦርሳ፣ ከገበሬው ማሳ ይገባል። ያኔ ዱላውን የሚቀምሰው ጭላዳው ነው። አንተ ቤትህ ገብተህ ቪዲዮህን እየለጠፍክ ነው።

ሦስተኛው ዕዳ ለሰው ነው፤ ከሁሉም የከበደው እሱ ነው።

ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 ደግሞ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከችግሮቹ አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረው ግጦሽና እርሻ ነበር። ግጭ የምትባል፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም የነበረ መንደር በደጋው ሣር መካከል ነበረች። በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች ከዚያ ተነሥተው ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈሩ፤ ካሳም ተከፈላቸው። በ2017 ስሜን ከአደጋው ዝርዝር ወጣ።

ይህን ስትሰሙ ልባችሁ ወደ አንዱ ወገን ይሮጥ ይሆናል። አንዱ «ሣሩ ካለቀ ዋልያውም ያልቃል፣ ግድ ነበር» ይላል፤ እውነት አለው። ሌላው «ገብስ ሲዘራና በግ ሲያረባ የኖረን ሰው ከተማ ዳር አምጥቶ ገንዘብ መስጠት ሕይወቱን መመለስ ነው ወይ?» ይላል፤ እሱም እውነት አለው። በገንዘብ የማይተመን ነገር አለ፤ የአባቶች መቃብር፣ የጎረቤት ቅርበት፣ እጅ የለመደው ሥራ። ሸሪዓችን ጉዳትን በጉዳት ማስወገድን አይፈቅድም። አንዱን ለማዳን ሌላው መነካቱ የግድ ከሆነ ደግሞ የተነካው ሰው ይረሳ ማለት አይደለም።

በዚህ ጉዳይ እኔ ፈራጅ አይደለሁም። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። ዛሬ ግጭ ላይ ቆሞ ጓሳው በነፋስ ሲወዛወዝ አይቶ «እንዴት ያምራል!» የሚል ሰው፣ ያ ውበት በከፊል በሌላ ሰው ቤት የተከፈለበት መሆኑን ማወቅ አለበት። ሳይከፍል የሚያይ የለም። ወይ ራሱ ከፍሏል፣ ወይ ሌላ ሰው ከፍሎለታል።

«እኔ ተማሪ ነኝ፣ ገንዘብ የለኝም፤ ምን ላድርግ?» ትሉ ይሆናል። ዕዳው ሁሉ በብር አይደለም። ስካውቱን በስሙ ጥሩት፣ ስለ ልጆቹ ጠይቁት። በበቅሎ ነጂው ዋጋ ላይ ለአምስት ብር አትከራከሩ። የገበሬዋን ፊት ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ እናታችሁን ሳያስፈቅድ የሚያነሣትን ሰው ትወዱታላችሁ? የያዛችሁትን ፕላስቲክ መልሳችሁ ይዛችሁ ውረዱ፤ የወደቀ ካገኛችሁም ጨምሩበት። ከመንገድ ላይ ጎጂን ነገር ማንሣት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ ነው፤ የተራራ መንገድም መንገድ ነው። ከሰፈሩት ቤተሰቦች ልጆች ጋር በአንድ ክፍል የምትማሩ ካላችሁ ደግሞ ታሪካቸውን ጠይቃችሁ ስሙ።

ዛሬ ሌላም ችግር አለ። መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ የክልላችን ግጭት የጎብኚውን መንገድ አቀዘቀዘው። በዚህ ሥራ ይኖሩ የነበሩ አስጎብኚዎች፣ ምግብ አብሳዮች፣ ባለበቅሎዎች ብዙ ጎድሎባቸዋል። ማየት ራሱ ሰላም የሚፈልግ ጸጋ መሆኑን ያወቅነው ሲጎድል ነው። ስለዚህ የመንገዱን ሁኔታ ሳታጣሩ አትነሡ፤ ነፍስም አማና ናት።

መሄድ ያልቻለ ሰው ደግሞ ምንም አልቀረበትም። ዳባት ሆኖ ከፊቱ ያለውን ኮረብታ «እንዴት?» ብሎ የሚያይ፣ አፈሩ ለምን እንደሚታጠብ የሚጠይቅ፣ በደጁ አንድ ችግኝ የሚያጠጣ ወጣት፣ ራስ ደጀን ወጥቶ ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ ራሱን ብቻ ካነሣው የበለጠ አይቷል።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ሞክሩ። ስልካችሁ ውስጥ ካሉት የተፈጥሮ ፎቶዎች አንዱን ክፈቱና «ይህን በማየቴ ለማን፣ ምን አለብኝ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ያ አላህ፣ የሚያይ ዓይን ብቻ ሳይሆን የሚያስተውል ልብ ስጠን። ለአገራችን ሰላም አውርድ። ከቀዬአቸው የራቁትን ሁሉ በመልካም ተካላቸው። አሚን።