ሃይማኖት በጠፈር ታሪክ ውስጥ

የሰው ልጅ ያላየውን ነገር በልቡ ሥሎ ለሌላው ማሳየት ከጥንት ጀምሮ ልማዱ ነው። ዱሮ በተረትና በምሳሌ ያደርገው የነበረውን ዛሬ በቴሌቪዥን ያደርገዋል። ከዚህም አንዱ የሳይንስ ልብ ወለድ የሚባለው ነው፤ ይኸውም ሰው ገና ያልደረሰበትን ዘመንና ያልረገጠውን ዓለም እንዳለ አድርጎ የሚተርክ ነው። እንዲህ ያለው ታሪክ መርከብን በከዋክብት መካከል ቢያስኬድም፥ ዞሮ ዞሮ የሚናገረው ስለ ሰው ነውና ሃይማኖትን ሳያነሣ አያልፍም። እንግዲህ ሊጠየቅ የሚገባው፥ «የማያምን ሰው የአማኝን ልብ በእውነት ሊሥል ይችላልን?» የሚለው ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ መታየት የጀመረውን «ስታር ትሬክ» የተባለውን ተከታታይ ታሪክ ያቋቋመው ጂን ሮደንቤሪ፥ ተስፋውን በሰው አእምሮ ላይ የጣለ፥ ሃይማኖትንም የሚነቅፍ ሰው ነበረ። በ1967 ዓ.ም. በታየው አንድ ክፍል፥ የመርከቢቱ ሰዎች የጥንት ግሪኮች ያመልኩት የነበረውን አፖሎን በሩቅ ዓለም ላይ ያገኙታል። እርሱም እንደ ዱሮው ስገዱልኝ ይላቸዋል፤ እነርሱ ግን የኀይሉ ምንጭ ቤተ መቅደሱ መሆኑን መርምረው ደረሱበትና በመሣሪያቸው አጠፉበት። በ1989 ዓ.ም. በታየው በሌላ ክፍል ደግሞ፥ ሊኮ የሚባል የገጠር ሰው ክፉኛ ተጐድቶ ሳለ የመርከቢቱ ሐኪም ፈወሰችው። እርሱም ከሞት የተመለሰ መስሎት የመርከቢቱን አዛዥ ፒካርድን አምላክ ነው ብሎ አመነ። ምሽቱ በጎርፍ ሞታበት ነበርና እርስዋም እንድትነሣለት ተመኘ። አዛዡ ግን «እኔም እንደ እናንተ ሟች ነኝ» ቢል አላመነውም፤ በመጨረሻም በቀስት ወጋውና ደሙ ሲፈስ ባየ ጊዜ ሰው መሆኑን ተረዳ።

ብዙ ተመልካች እነዚህን ታሪኮች በሃይማኖት ላይ የተሰነዘሩ ፍላጻዎች አድርጎ ይመለከታቸዋል። ነገሩ ሲመረመር ግን ሌላ ሆኖ ይገኛል። ብርቱ የሆነ ሁሉ አምላክ አለመሆኑን ከማንም አስቀድመው ያስተማሩ፥ ጣዖትን የነቀፉት ነቢያትና ሐዋርያት ናቸው። ጳውሎስና በርናባስ በልስጥራን ሽባውን ባስነሡ ጊዜ ሕዝቡ አማልክት ናቸው ብሎ መሥዋዕት ሊያቀርብላቸው ተነሣ፤ እነርሱ ግን ልብሳቸውን ቀደው ሰዎች መሆናቸውን እየጮኹ ተናገሩ። ፒካርድ ያደረገውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሃይማኖትን ይነቅፋል የተባለው ታሪክ ሳያውቀው የሃይማኖት መምህራንን ሥራ ሠራ።

ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። ሊኮ መሳሳቱ ተነገረው እንጂ ኀዘኑ መልስ አላገኘም። የታሪኩ ጸሐፊዎች ሃይማኖትን የመብረቅና የነጐድጓድ ምክንያት መፈለጊያ አድርገው አስበዋልና፥ የመብረቁ ምክንያት ሲታወቅ ሃይማኖትም የሚያበቃ መሰላቸው። ሰው ግን ወደ ፈጣሪው የሚጮኸው ስለ መብረቅ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በመቃብር አጠገብ በቆመ ጊዜ ነው።

በ1993 ዓ.ም. የጀመረው «ዲፕ ስፔስ ናይን» የተባለው ታሪክ ከዚህ ጠለቅ ይላል። ባጆራውያን የሚባሉት ሕዝብ ካርዳሲያውያን በሚባሉ ጨካኞች እጅ 50 ዓመት ያህል ተገዝተው ሳለ፥ ያጸናቸው «ነቢያት» በሚሏቸው ላይ ያላቸው እምነት ነበረ። የትምህርት ቤቱ መምህርት ግን እነዚህ ነቢያት በጠፈር መሿለኪያ ውስጥ የሚኖሩ ባዕድ ፍጥረቶች ናቸው ብላ ለሕፃናቱ አስተማረች። ዊን የምትባል ካህን በዚህ ተቈጣች፤ ትምህርት ቤቱም በፈንጂ ፈረሰ። የጣቢያው አዛዥ ሲስኮ እምነቱ የእርሱ ሳይሆን፥ ልጁ የባጆራውያንን እምነት ሞኝነት ነው ባለ ጊዜ ገሠጸው፤ በመከራ ዘመን ያቆማቸው ይኸው መሆኑንም አስረዳው። ኋላ እንደሚታየው ግን ፈንጂው የተቀጣጠለው ባሬይል የሚባለውን የዊንን ተቀናቃኝ ወደ ጣቢያው ስቦ ለማስገደል ነበር። ይህ ዓይነቱ ነገር በጠፈር ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ የሹመት ጥም የሃይማኖት ቅናትን ካባ ደርቦ ሲወጣ በምድርም ታይቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን «ባቢሎን 5» በተባለው ታሪክ በ1994 ዓ.ም. ቀርቧል። አንድ ሕፃን በጽኑ ታመመ፤ ሐኪሙ ፍራንክሊን ሥጋውን ጥቂት ቢቀደው እንደሚድን ያውቃል። ወላጆቹ ግን ሥጋው በስለት ከተከፈተ ነፍሱ ትወጣለች ብለው ያምናሉና እንቢ አሉ። አዛዡም በሃይማኖታቸው አልገባም ብሎ ለሐኪሙ ፈቃድ ነሣው። ሐኪሙ ትእዛዙን ጥሶ ቀደደውና ሕፃኑ ዳነ። ወላጆቹ በመጀመሪያ ሸሹት፤ በኋላ ግን የመንገድ ልብስ ይዘው መጥተው አለበሱት። ሐኪሙ ያ ልብስ ለምን ጕዞ የተሰፋ መሆኑን የተረዳው ዘግይቶ ነው፤ ሲደርስ ሕፃኑ በወላጆቹ እጅ ሞቶ አገኘው።

በዚህ ታሪክ የማይወድድ ሰው የለም። ሐኪሙ ሕፃኑን ወደደ፤ ነገር ግን ወላጆቹን ሊያስረዳቸው እንጂ ሊረዳቸው አልሞከረም። ወላጆቹም ልጃቸውን ወደዱ፤ ነገር ግን በፊታቸው የሚሥቀውን ልጅ ባዶ ቅርፊት ነው ብለው ገደሉት። ጸሐፊው ማንንም ሳይፈርድ ይተዋቸዋል፤ ስለዚህም ሚዛናዊ ነው ተብሎ ይመሰገናል። ሆኖም ምስጋናው ሙሉ ሊሆን አይገባውም። ለወላጆቹ የሰጣቸው ሃይማኖት ሕግ አለው፥ ልብስም አለው፤ መምህር ግን የለውም። ቃሉ የከበደበት ሰው የሚሄድበት ደጅ፥ «አንድም» እያለ የሚተረጕምለት ሊቅ አልተሰጣቸውም። በምድር ያለ ሃይማኖት ግን እንዲህ አይኖርም። ጌታ በሰንበት ድውይ ፈውሷል፥ ሰንበትም ስለ ሰው መሠራቷን አስተምሯል፤ በኢትዮጵያም ቤተ ክርስቲያን ጾም የጸናች ሳለች የታመመ ሰው እንዳይጾም ይፈቀድለታል። ትርጓሜ የሌለው ሕግ በሰው እጅ እንዳለ ስለት ነውና፥ ሕፃኑን የገደለው እምነት ብቻ ሳይሆን ጠያቂና መካሪ ያጣ እምነት ነው።

ታዲያ የማያምን ሰው የአማኝን ልብ መሣል አይችልም ማለት ነውን? አይደለም። የ«ባቢሎን 5» ፈጣሪ ማይክል ስትራዚንስኪ እግዚአብሔር የለም የሚል ሰው መሆኑን ራሱ ተናግሯል። ዳሩ ግን በ1995 ዓ.ም. ወንድም ኤድዋርድ ስለሚባል መነኵሴ ጻፈ። ይህ መነኵሴ ቀድሞ ነፍሰ ገዳይ ነበረ፤ በፍርድ ያለፈ ሕይወቱ ከአእምሮው ተፍቆ ሌላ ሰው ሆነ። ጌታ በጌቴሴማኒ ሊሸሽ ሲችል አለመሸሹን ዘወትር ያስብ ነበርና፥ የሟቾቹ ዘመዶች ሊበቀሉት በመጡ ጊዜ እርሱም ሳይሸሽ ጠበቃቸው። ከገዳዮቹም አንዱ በተራው አእምሮው ተፍቆ በመነኰሳቱ መካከል ተቀበለ። ይቅርታ ለሚሰብኩት ሰዎች እንኳ ምን ያህል እንደሚከብድ፥ አዛዡ ለዚያ ሰው እጁን ለመስጠት ባመነታባት በዚያች ቅጽበት ታየ።

የማያምነው ጸሐፊ ይህን ሊያደርግ የቻለው አማኙን ከመፍረድ በፊት ስለ ሰማው ነው። አማኝም የማያምነውን እንዲሁ ሊሰማው ይገባል። ባልንጀራውን ሳይሰማ የሚሥል ሰው፥ የሚሥለው የባልንጀራውን መልክ ሳይሆን የራሱን ፍርሃት ነውና።