አባት የሚሻ ሰነድ

የምህንድስና ሰነዶች አደረጃጀት፣ ማለትም የንድፍ ሥዕሎች፣ የስሌት ወረቀቶች፣ የለውጥ ጥያቄዎችና የማጽደቂያ ፊርማዎች በቁጥር፣ በቀንና በእትም ተለይተው የሚያዙበት ሥርዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደ መዝገብ ቤት ጉዳይ ይታያል፤ ከሥሩ ግን ፍልስፍና ከጥንት ጀምሮ ሲያነሣው የኖረ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የተጻፈ ነገር ጸሐፊው በሌለበት ስለ ራሱ መልስ መስጠት ይችላል ወይ የሚለው ነው። ፕላቶ ፋይድሮስ በተባለው ድርሳኑ፣ በሶቅራጥስ አንደበት፣ ጽሑፍ ሲጠይቁት ያንኑ ቃል ከመድገም እንደማያልፍ፣ ሰው ሲያጣምመውም የሚከራከርለት አባት እንደሚያስፈልገው ይሟገታል። በኢትዮጵያ የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ተማሪው መጽሐፉን በመምህሩ ፊት ተቀምጦ ከነአንድምታው፣ ማለትም ቃሉ ከሚሸከማቸው ልዩ ልዩ ፍቺዎች ጋር የሚቀበለው ከዚህ በማይርቅ ምክንያት ነው።

ጥያቄው ብረት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያስከትል፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በካንሳስ ሲቲው ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል የደረሰው አደጋ ያሳያል። ከጣሪያ የተንጠለጠሉ ሁለት መተላለፊያዎች በአዳራሹ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ወድቀው 114 ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያው ንድፍ ከጣሪያው የሚወርደው አንድ ወጥ የብረት ዘንግ የአራተኛውን ፎቅ መተላለፊያ አልፎ የሁለተኛውንም ይይዝ ነበር፤ ሁለቱ መተላለፊያዎች አንዱን ገመድ ከላይና ከታች ጨብጠው እንደተንጠለጠሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። የብረት ሥራ ተቋራጩ ግን መተላለፊያውን ከሥር የሚደግፈው ዳዶ እስከ ዘንጉ መካከል እንዲደርስ ያን ሁሉ ርዝመት ጥርስ ማውጣት ስለከበደው፣ ዘንጉ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ከጣሪያ እስከ አራተኛው ፎቅ፣ ሌላው ከአራተኛው እስከ ሁለተኛው እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ለውጡ ለዓይን ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የታችኛው ሰው ገመዱን ለቆ የላይኛውን እግር የያዘ ያህል፣ በአራተኛው ፎቅ ዳዶ ላይ ያረፈው ክብደት እጥፍ ሆነ። የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ የከተማው የግንባታ ደንብ ከሚጠይቀው አቅም 60 በመቶ ገደማውን ብቻ ያሟላ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ልብ የሚነካው፣ የጠፋ ወረቀት አለመኖሩ ነው። የተለወጠው የመሥሪያ ንድፍ፣ ማለትም ሠራተኛው ብረቱን የሚቆርጥበት ሥዕል፣ ለመሐንዲሶቹ ተልኮ ማኅተም አርፎበት ተመልሷል። ያልነበረው የዚያ መጋጠሚያ ስሌት ነው፤ መሐንዲሶቹ ተቋራጩ ያሰላዋል ሲሉ፣ ተቋራጩ ደግሞ የተላከለትን ያለቀለት ንድፍ አድርጎ ወሰደው። ማኅተም ምስክርነት ነው፤ ብረት ቆራጩ፣ ገጣሚውና በመጨረሻም በመተላለፊያው ላይ የሚቆመው እንግዳ ስሌቱን ራሳቸው ሊሠሩት ስለማይችሉ ያተመውን ሰው ያምናሉ። ስለዚህ የኃላፊዎቹ መሐንዲሶች ፈቃድ መሰረዙ ተገቢ ነበር፤ ያተመ ሰው ኃላፊነቱን ወደ ተቋራጭ ሊያሻግር አይችልምና።

ከዚህ አንጻር የሰነድ አደረጃጀት ዋና ተግባር ፋይልን ቶሎ ማግኘት አይደለም፤ እያንዳንዱን ሥዕል ከስሌቱ፣ እያንዳንዱን ለውጥ ከምክንያቱና መልስ ከሚሰጥበት ሰው ጋር አስሮ መያዝ ነው። በምርት ልማት፣ ማለትም አንድ ዕቃ ከሐሳብ ተነሥቶ እስከ ፋብሪካ በሚጓዝበት ሂደት፣ «ይህ ዘንግ ለምን ለሁለት ተከፈለ?» ብሎ የሚጠይቅን የሥራ ባልደረባ ጥያቄው መልስ ከሚሰጥ ሰው ደጅ ካላደረሰው፣ መደርደሪያው የቱንም ያህል ቢያምር ሥርዓቱ ከንቱ ነው።

ሥርዓቱ የማይደርስበት ወሰን ግን አለ። ማይክል ፖላኒ የተባለው ፈላስፋ የሰው ዕውቀት ሰው ሊናገረው ከሚችለው እንደሚበልጥ አስተምሯል፤ የእጅ ልምድ የሚባለው ይህ ነው። ሳተርን 5 የተባለውን የጨረቃ ሮኬት ያነሣው የኤፍ 1 ሞተር ንድፎች ተጠብቀው ቢቆዩም፣ በየሞተሩ ላይ ብየዳ የሠሩት ሰዎች በእጃቸው ያደረጉት ማስተካከያ ሁሉ አልተጻፈም ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሀንትስቪል የሚገኘው የናሳ ማርሻል ማዕከል ወጣት መሐንዲሶች አንድ የተቀመጠ ሞተር ፈትተው፣ ክፍሎቹን በብርሃን መለኪያ እየቃኙ፣ ወረቀቱ ያልነገራቸውን ከራሱ ከብረቱ ላይ ለማንበብ ተቀመጡ።