የትኛው ነው የወንድሜ?

«ጋሼ፣ እንግዲህ አዲስ ይግዙ» አለኝ ብስክሌት ጠጋኙ፤ ጣቱን ከኮርቻው ሥር፣ ቴላዮው ላይ ባለችው ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ላይ አሳርፎ።

አዲስ የመግዛት ነገር ሲነሳ ሆዴ የሚባባው በገንዘቡ ብቻ አይደለም። ብስክሌቱ የታላቅ ወንድሜ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ከመርካቶ ገዝቶት በ2009 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ የአዲስ አበባን ዳገት የወጣበት፣ ቁልቁለቷን የወረደበት፤ «ማውንቴን» የምንለው ዓይነት፣ ጎማው 26 ኢንች፣ ማርሹ 18፣ ቴላዮው ብረት። ከእርሱ በኋላ እኔ እየነዳሁት በየጊዜው አንድ ነገር እቀይርለት ጀመር። መጀመሪያ ካቴናው ተበልቶ ላላ። የላላ ካቴና የማርሹን ጥርስ ይበላል፤ በተበላ ጥርስ ላይ አዲስ ካቴና ቢያስሩበት ደግሞ ዳገት ላይ እየዘለለ መከራ ያሳያል፤ ስለዚህ ሁለቱም ተቀየሩ። ቀጥሎ ቸርኬዎቹ፣ ቀጥሎ ፍሬኑ፣ በመጨረሻም ኮርቻው። ጠጋኙ አሮጌውን ሁሉ ወደ አንድ ካርቶን ሲወረውር እያየሁ እንዳላየ አልፌዋለሁ።

የቀረው ቴላዮው ነበር፤ እርሱም ይኸው ተሰነጠቀ።

በአዲስ ቴላዮ እንዳልተካው፣ የዘመኑ ማውንቴኖች ጎማቸው 27.5 ወይም 29 ኢንች ሆኗል፤ የኋላ እግራቸው ማሰሪያም ሰፍቷል። የእኔ ዕቃ አይገጥምላቸውም። ያለኝ ምርጫ ወይ ሁሉን ትቶ ሙሉ ብስክሌት መግዛት፣ ወይ የድሮ ዓይነት ያገለገለ ቴላዮ ፈልጎ ዕቃውን ማዛወር ነበር። ሁለተኛውን መረጥኩ። «የተሰነጠቀውንስ?» ቢለኝ «ጣለው» አልኩት። ይህቺን ቃሌን ልብ በሉልኝ።

ከወር በኋላ የጠጋኙ ረዳት፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በወንድሜ ብስክሌት ላይ ሆኖ ከፊቴ ሽው አለ። ስንጥቁ ተበይዷል፤ ብረት ነውና ብየዳ ይቀበላል፤ አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ ብየዳው ራሱ ባደከመው ነበር። ቸርኬዎቹ ተቃንተዋል። ኮርቻው ያው ኮርቻ ነው፤ በቀኝ በኩል የተቀደደችውን ወንድሜ በጥቁር ክር የሰፋት። «ሌባ!» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ።

ፕሉታርክ እንደጻፈው አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ፣ ሳንቃዋ በበሰበሰ ቁጥር በአዲስ እየተኩ ለብዙ ዘመን አቆይተዋታል፤ ፈላስፎችም «ያችው ናት»፣ «አይደለችም» እየተባባሉ ተከራክረውባታል። በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ነገሩን አከረረው። አንድ ሰው የተጣለውን ሳንቃ ሁሉ አጠራቅሞ እንደ ጥንቱ መልሶ ቢገጣጥመውስ? ሁለቱም ያችው መርከብ ሊሆኑ ነው? ይህን ሳነብ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሆብስ አራት ኪሎ ድረስ መጥቶ ይጠብቀኝ ኖሯል!

የማውንቴን ብስክሌት ትውልድም እኮ ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ በማሪን አውራጃ፣ ወጣቶች ከ1930ዎቹ የቀሩ ከባድ ብስክሌቶችን እየገዙ፣ ማርሽና ደህና ፍሬን እየጨመሩ ከተራራ ይወርዱባቸው ነበር። በ1977 ከመካከላቸው ጆ ብሪዝ ለዚሁ ሥራ ብሎ አዲስ ቴላዮ ሠራ። የእነርሱ ጥያቄ «ያወርደናል ወይ?» የሚል ነው። እኔ ግን ስጠይቅ የኖርኩት «ወንድሜ ነው ወይ?» እያልኩ ነው፤ ብረት ደግሞ ለዚህ መልስ የለውም። ያንን ሁሉ ዕቃ በየተራ ሳስጥል ምንም ያልተሰማኝ ሰው፣ ልጁ ሰብስቦ ሲነዳው እንደተዘረፈ የሆንኩት በምን ሒሳብ ነው? ሕጉ ከልጁ ጋር ነው፤ «ጣለው» ያልኩት እኔው ነኝ። ሆዴ ግን ሕግ አያውቅም።

አስቆምኩት። ኮርቻውን መልስልኝ ልለው ነበር፤ አልደብቅም። ወርዶ መሪውን ወደ እኔ አዘነበለና «ይንዱት ጋሼ» አለኝ፤ የፈራ ይመስላል። ወጣሁበት። ኮርቻው ለእርሱ ቁመት ዝቅ ተደርጎ ጉልበቴ መሪውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ትንሽ ሄጄ ፍሬኑን ስጨብጥ ግን እጄ እስከ መጨረሻው ገባ፤ ጎማው አልቆመም። ያው ፍሬን ነው፣ አልይዝ ብሎኝ ያስቀየርኩት።

«ቤትህ የት ነው?»

«ሽሮ ሜዳ።»

ጠዋት ጠዋት ያንን ሁሉ ቁልቁለት በዚህ ፍሬን ይወርዳል ማለት ነው። የኮርቻውን ነገር ሳላነሳ ይዤው ወደ ጠጋኙ ተመለስኩና የፊቱንም የኋላውንም አዲስ ፍሬን አስገባሁለት። ጠጋኙ አሮጌውን ፈትቶ እንደ ልማዱ ወደ ካርቶኑ ሊወረውር ሲል እጁን ያዝኩት። አሁን መጻሕፍቴ መካከል ተቀምጧል፤ ባለቤቴ አቧራ በጠረገች ቁጥር «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ትለኛለች።