የውለታ ዕዳና የምስክርነት ዕዳ

ከዒሻ ሶላት በኋላ በማረፊያ ቤታችን ሰገነት ላይ የሚነሣውን ወግ ታውቀዋለህ። ለሐጅ የመጡት ሽማግሌዎች ስለ እህል ዋጋና ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ፥ በጅዳ ተቀጥረው የሚኖሩት ወጣቶች ግን ክርክራቸው ኹልጊዜ ስለ እግር ኳስ ነው። ከፊሉ በ1927 የተቋቋመውን አል ኢትሓድን፥ ከፊሉ በ1937 የተቋቋመውን አል አህሊን ይደግፋል፤ እኛ በመካ የምንኖረው ደግሞ፥ ምንም እንኳ የሚገኝበት ደስታ ጥቂት ቢሆን፥ ለከተማችን ለአል ወሕዳ ማድላታችን አይቀርም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እነግርሃለሁ።)

ከነዚሁ ወጣቶች አንዱ፥ በጅዳ በአንድ ባለጸጋ ቤት ሾፌር ሆኖ ብዙ ዘመን ያገለገለ፥ ባለፈው ሳምንት ከክርክሩ ተለይቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጌታው እናቱ በታመመች ጊዜ የሕክምናዋን ገንዘብ ከኪሱ ከፍሎለታል። ይኸው ጌታ ደግሞ በቤቱ የምታገለግለውን አንዲት የአገራችንን ልጅ የስምንት ወር ደመወዝ ከልክሏታል፤ እርስዋም ምስክር እንዲሆናት ወጣቱን ለምናዋለች። «አባባ፥ እናቴን ላተረፈልኝ ሰው ዝም የማለት ዕዳ የለብኝም ይላሉ?» አለኝ።

መልሱ በአንድ ጊዜ አልመጣልኝም። ኳስ ወዳድ መሆኑን ስለማውቅ ግን የአንድ ኳስ ተጫዋች ወታደር ታሪክ አጫወትሁት። እርሱም አሕመድ ቤን ቤላ ነው።

ቤን ቤላ በ1916 ከሞሮኮ ወሰን አጠገብ ባለችው ማግኒያ በምትባል የአልጀርያ ከተማ ተወለደ። አገሪቱ በፈረንሳይ እጅ ነበረች፤ ተወላጁ እስላም ግብር ይከፍላል፥ ለጦርነት ይጠራል፥ ነገር ግን እንደ ፈረንሳዊው ሙሉ ዜጋ አይቈጠርም። እርሱም የፈረንሳይ ወታደር ሆኖ ወደ ማርሴይ ሄደ። እግሩ ለኳስ የተመቸ ነበርና የከተማይቱ ታላቅ ቡድን ኦሎምፒክ ማርሴይ በ1940 ለፈረንሳይ ዋንጫ ከአንቲብ ቡድን ጋር ሲጋጠም አሰለፈው። ቡድኑ ደመወዝተኛ ተጫዋች ሊያደርገው ቢፈልግም እሺ አላለም።

በዚያው ዓመት የጠላት አውሮፕላኖች ማርሴይን ሲደበድቡ ከፀረ አውሮፕላን መድፉ ሳይለይ በመዋጋቱ የጦር መስቀል የተባለውን ኒሻን ተሸለመ። ፈረንሳይ ከወደቀች በኋላ ከሠራዊቱ ቢሰናበትም፥ ቈይቶ ከሞሮኮ ወታደሮች ጋር ተሰልፎ ወደ ኢጣልያ ዘመተ። በ1944 በሞንቴ ካሲኖ ውጊያ የቈሰለ አዛዡን ከተኩስ መካከል አወጣ። ስለዚህም ወታደራዊ ሜዳይ ሲሰጠው በደረቱ ላይ የሰካለት ጄኔራል ደ ጎል ራሱ ነበረ።

አሁን እስቲ ቀኑን ተመልከት። ጀርመን ድል በሆነችበት ዕለት፥ ሜይ 8 ቀን 1945፥ በሰጢፍ ከተማ አልጀርያውያን ለድሉ በዓል ሰልፍ ወጡ፤ የራሳቸውንም ሰንደቅ ዓላማ ቢያውለበልቡ ተኩስ ተከፈተባቸው። ሁከቱ ወደ ገጠር ተዛመተ፤ አውሮፓውያን ሰፋሪዎችም ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የፈረንሳይ ጦርና የታጠቁት ሰፋሪዎች በአጸፋው የፈጁት ሕዝብ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ነው። ቤን ቤላ ደረቱ ላይ ያለው ሜዳይና የወገኖቹ ደም ከአንድ መንግሥት እጅ የመጡ ሆኑበት።

እንግዲህ የወጣቱ ጥያቄ ከዚህ ላይ ይመጣል። ብዙ ሰዎች ሁለት መልስ ይሰጣሉ፤ እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። አንደኛው፥ «ለባዕድ የደከመው ድካም ኹሉ ከንቱ ነው» የሚል ነው። ከእሳት መካከል የወጣው መኰንን ግን ነፍስ ነበረው፤ ነፍስን ማዳን በባንዲራ ቀለም አይለካም፤ የሚለካው በአዳኙ ኒያ ነው። ሾፌሩም መኪናውን በጥንቃቄ በነዳባቸው ዓመታት ያተረፈው የገዛ ቅንነቱን ነው፤ ይህን ማንም ሊከለክለው አይችልም። ሁለተኛው መልስ፥ «እንጀራቸውን የበላህባቸውን፥ ኒሻናቸውን የተቀበልህላቸውን ሰዎች መቃወም ክሕደት ነው» ይላል። ይህኛው ከባድ ነው፤ ባገራችን ውለታ ቢስ መባል ከሌባነት ያልተናነሰ ነውር ነውና። ነገር ግን አስብ፤ የጀግንነት ሜዳይ የሚመሰክረው ሰውየው ከሞት ፊት አለመሸሹን ነው። ያንኑ ሰው ወገኑ ሲታረድ ዓይንህን ጨፍን ማለት፥ ፈሪ ሁን ማለት ነው፤ ሜዳዩ ሐሰተኛ ይሆናል። አፍን ለመዝጋት የተሰጠ ስጦታም ዋጋ እንጂ ውለታ አይባልም። በዚያም ላይ ቤን ቤላ የፈረንሳይን ልብስ ለብሶ ሳለ ፈረንሳይን ከኋላዋ አልወጋም፤ ልብሱን አውልቆ ነው ተቃዋሚነቱን የጀመረው።

በ1949 ግን የምስጢር ማኅበራቸው የኦራንን ፖስታ ቤት ዘረፈ። ለነጻነት ነው ቢባልም ይህን አላመሰግንም፤ የሰው ገንዘብ የሰው ገንዘብ ነው። በ1950 ተያዘ፥ በ1952 ከእስር ቤት አምልጦ ካይሮ ገባ፥ በ1954 የነጻነቱን ጦርነት ከጀመሩት መሪዎች አንዱ ሆነ። በ1956 ከሞሮኮ ወደ ቱኒዝ የተሳፈረበትን አውሮፕላን ፈረንሳዮች አስገድደው አልጄ ላይ አሳረፉት፤ እርሱም ከነጓደኞቹ እስከ 1962 ታሰረ።

በሜይ 1963 የአፍሪካ መሪዎች አንድነታቸውን ሊያቋቁሙ በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ ቤን ቤላ በአፍሪካ አዳራሽ ቆመ። የተዘጋጀውን ንግግር ትቶ፥ ገና በባዕድ አገዛዝ ሥር ላሉት ወንድሞች ነጻነት እያንዳንዳችን ጥቂት ጥቂት እንኳ ለመሞት እንስማማ ሲል ለመነ። ያን ጊዜ የሰሙት ከልባቸው እንደ ተነኩ ይነገራል።

ታሪኩን ከዚህ ላይ ባቆመው ለኔም ይጣፍጠኝ ነበር፤ እውነት ግን አይፈቅድም። በዚያው ዓመት፥ በአውሮፕላኑ ላይ አብሮት የተያዘውን መሐመድ ቡዲያፍን አሳሰረ፤ በማግሥቱ ዓመት ሌላው የእስር ጓደኛው ሑሴን አይት አሕመድ ተያዘ፤ ከዚያም ሞት ተፈረደበት፥ ኋላም ፍርዱ ተለወጠለት። በኦክቶበር 1963 አልጀርያና ሞሮኮ በወሰን ተዋጉ፤ በካሲኖ ከጐኑ የነበሩት የነዚያ ሞሮኮዎች አገር ማለት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የማሊው ሞዲቦ ኬይታ በባማኮ አስታርቀው ተኩሱን አስቆሙ። አንድ ሰው የሌላውን በደል አይቶ ዝም አለማለቱ፥ የራሱን በደል ለማየት አላበቃውም።

ከጅዳ ወደ መካ ስንመጣ የለበስነውን ኢሕራም አሰብሁ። ሁለት ስፌት የሌላቸው ነጭ ጨርቆች ናቸው፤ ኒሻን የሚሰካበት ደረት፥ የቡድን ቍጥር የሚጻፍበት ጀርባ የላቸውም። ሽማግሌው ከባለ ሥልጣኑ፥ ሾፌሩ ከጌታው ጋር እኩል ሆኖ በሰፋና በመርዋ መካከል ይመላለሳል። ቤን ቤላ ግን ብዙ ልብስ ለወጠ፤ የተጫዋች፥ የወታደር፥ የእስረኛ፥ የፕሬዚዳንት። ከነዚህ ኹሉ አደገኛው፥ እኔ እንደማየው፥ የመጨረሻው ነበር።

ጁን 17 ቀን 1965 የብራዚል ቡድን ፔሌን ይዞ ኦራን ላይ ከአልጀርያ ጋር ሲጫወት ፕሬዚዳንቱ ተገኝቶ ተመለከተ፤ ብራዚል ሦስት ለባዶ አሸነፈ። በሁለተኛው ቀን ሌሊት የገዛ መከላከያ ሚኒስትሩ ቡመዲየን ከሥልጣን አወረደው። ዐሥራ አራት ዓመት ያህል በግዞት ተዘግቶበት ኖረ። በኤፕሪል 2012 በአልጄ ዐረፈ።

ወጣቱ እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጠኝ። ስለ ጌታው እነግረው ዘንድ ያሰብሁትን ልጀምር ስል፥

«አባባ፥ በዚያ በአንቲብ ጨዋታ ጎል አገባ?» አለኝ።

«አዎን፥ አንድ አግብቷል» አልሁት።

ፈገግ ብሎ የመኪናውን ቍልፍ አነሣ። በሩ ላይ ደርሶ መለስ አለና፥ ጅዳ ያለው የሠራተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጧት በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠየቀኝ።