ማሽኑ አያደርቅልህም

ልጄ፣ በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ የስልክ ነገር ግን በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ይህ እንዲያ እንዲሆንብኝ ስላልፈለግሁ ከጫግኒ ቁጭ ብዬ ጻፍሁልህ። አብረውህ ለሚሄዱትም አንብብላቸው።

በጥር ስሜን ተራራ ልትወጡ መሆኑን፣ የአምስት ቀን ስንቃችሁንም አየር መጥጦ በሚያሽገው ማሽን እያሸጋችሁ መሆኑን ከነፎቶው ላክህልኝ። ደስ አለኝ። ስንቁን በእጁ አሰናድቶ መንገድ የሚወጣ ልጅ ማየት ያኮራል። ፎቶውን ግን መነጽሬን አድርጌ ደግሜ አየሁት። ቋንጣው ላስቲኩ ውስጥ እንደ ጠፍር ተጣጥፏል። ከጎኑ ያሉት ሁለት እሽጎች ደግሞ የሥጋ ወጥ ናቸው። ልጄ፣ ሲታጠፍ ያልተሰበረ ቋንጣ ገና ሥጋ ነው። ያሸጋችሁት ትናንት ከሆነና ማቀዝቀዣ ውስጥ ካደረ ዛሬውኑ አብስላችሁ ብሉት። ከውጭ ከሰነበተ ግን ሳትቀምሱ ጣሉት። እህል መጣል እንደማልወድ ታውቃለህ፤ ይህን ግን ጣሉት።

ለምን እንዲህ እንደሰጋሁ ላስረዳህ። ማሽንህ ሁለት ሥራ ብቻ ነው የሚሠራው። በላስቲኩ ውስጥ ያለውን አየር ይስባል፤ ከዚያ በጋለ ሽቦ አፉን አቅልጦ ይገጥመዋል። አያበስልም፣ አያደርቅም፣ ያደረውን ተዋሲ አይገድልም። አየር ሲያጣ የሚሸነፍ ጠላት አለ፤ እርሱን ያሸንፍልሃል። ሻጋታ ካለ አየር አያድግም፣ ቅቤ የሚከረፋው አየር ሲያገኘው ነው፣ ነቀዝም ካለ አየር አይኖርም። ይህን እኔ የተማርሁት ከማሽን ሳይሆን ከእህል ከረጢት ነው። በግብርና የቤት ኑሮ ባለሙያ ሆኜ በጓንጓ ወረዳ ከቀበሌ ቀበሌ ስዞር ብዙ ዓይነት ጎተራ አይቻለሁ። ኋላ ላይ ፒክስ የሚባለው ከረጢት መጣ፤ ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከውጭ አንድ ማዳበሪያ። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ለካሜሩን ገበሬዎች ያበጁት ነው። አፉ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነቀዙ ውስጥ የቀረችውን አየር ተንፍሶ ይጨርሳትና እዚያው ያልቃል፤ መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም። በቆሎውን በደንብ አድርቆ የከተተ ገበሬ በክረምት ሲፈታው እንደከተተው ያገኘዋል። ሳይደርቅለት ተጣድፎ የከተተው ደግሞ ከረጢቱን ሲፈታ ሽታው ከደጅ ይቀበለዋል። ከረጢቱ አንድ ነው፤ የለያያቸው ፀሐዩ ላይ የቆዩበት ቀን ነው።

አሁን ወደ ወጥህ ልመለስ። አየር ሲያጣ የሚበረታ ጠላትም አለ። ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ተዋሲ ኑሮው አየር በሌለበት፣ እርጥበት ባለበት፣ ሙቀት ባገኘበት ነው። ዘሩ በአፈር ውስጥ ሞልቷል፤ ከሽንኩርቱም ከድንቹም ጋር ይመጣል፤ የፈላ ውሃ እንኳ ዘሩን አይጨርሰውም። በማር ቤት እንደተዘጋ ንብ ጊዜውን ይጠብቃል። አሳሳቢው ነገር ምግቡ ላይሸት፣ መልኩም ላይለወጥ መቻሉ ነው። ሰውየው በልቶ ዓይኑ ይደበዝዛል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ በመጨረሻም መተንፈስ። እኛ «እሳት ካየው ምን ለየው» ስንል ኖረናል፤ ለዕለት ጉርስ እውነት ነው። ለታሸገ ስንቅ ግን ይህን ተረት አትመነው። እርጥብ ሆኖ አየር ለተነፈገ ምግብ የሚሻለው ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ነው። ስለዚህ ወጥ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ዘይት ውስጥ የተነከረ ነጭ ሽንኩርት፣ ለስላሳ እንጀራ፣ ያልደረቀ ሥጋ ማቀዝቀዣ ወደሌለበት መንገድ ታሽጎ አይሄድም። ላስቲኩ ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ።

ታዲያ ምን ይታሸግ? እናቶቻችን ለመንገድ የሠሩት ሁሉ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ እንደ ሸክላ ቀው ብሎ የሚሰበር ቋንጣ። እነዚህ ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ውሃቸው መሰደዱ ነው። ማሽንህ የሚያግዘው የሰደዱት ውሃ ተመልሶ እንዳይገባ ነው፤ በጫግኒ ክረምት አንድ ሳምንት የከረመ ቆሎ አፍህ ውስጥ እንዴት እንደሚለሰልስ ታውቀዋለህ፣ በልጅነትህ ስታማርር ሰምቼሃለሁ።

መድረቁን በዓይንህ ብቻ አትፍረድ። ለእህል እኛ የጨው ዘዴ እናስተምር ነበር፦ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህሉንና ደረቅ ጨው ትጨምራለህ፣ አጥብቀህ ትወዘውዛለህ፣ ጥቂት ታሳርፈዋለህ። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ነው። ለቋንጣና ለድርቆሽ ደግሞ ከማሸግህ በፊት ክዳኑ በሚገጥም የመስታወት ዕቃ ውስጥ ከተህ ሰባት ቀን አቆየው፤ በየቀኑ አየት እያደረግህ ነቅነቅ አድርገው። መስታወቱ ላብ ካመጣ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ሻጋታ ካየህበት ግን ወደ ፀሐይ ሳይሆን ወደ ጉድጓድ። ታኅሣሥ ላይ ነን፣ ፀሐዩ ከእናንተ ጋር ነው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

በርበሬውን ከየት እንደምትገዛ አስብበት። ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የሚረጭበት ነጋዴ አለ። እንዲህ ያለ ዛላ ውስጡ ሻጋታ ይይዛል፤ ለውዝና በቆሎም እንዲሁ። ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የሚሉት መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ ቢቆሉትም ቢፈጩትም አይለቅም፣ ማሽንህም ከነመርዙ ያሽገዋል። ዛላውን ራስህ ከፍተህ አይተህ ግዛ፣ ወይም እኔ ልላክልህ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ አባትህ ራሱ ነግሮህ አያውቅም። በ1970ዎቹ፣ አንተ ገና ሳትታሰብ፣ ለከብት ንግድ ወደ ማንዱራ በእግሩ ሲወርድ ስንቁን የቋጠርሁለት እኔ ነበርሁ። ያኔ ላስቲክ ብርቅ ነው። አንድ አዲስ አግኝቼ ነበርና እናታችን በጨርቅ ጠቅልይው ስትለኝ እኔ አዋቂ ነኝ ብዬ ዳቦውን ከነትኩሱ በላስቲኩ አድርጌ አፉን ጥፍር አድርጌ አሰርሁት። ዳቦው በገዛ ላቡ ሰጠመ። በሦስተኛው ቀን ሲፈታው አረንጓዴ ሆኖ አገኘው። ክስት ብሎ ተመለሰ፤ «ስንቁ እንዴት ነበር?» ስለው «ደግ ነበር» አለኝ። ላስቲኩን ከቀረጢቱ ሥር ታጥቦ ታጥፎ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ የዳቦው ሻጋታ ጠርዙ ላይ ቀርቶ ነበር። አሁንም ድረስ ትኩስ ነገር ሲታሸግ ሳይ እጄ ይንቀጠቀጣል። በሶውም ቆሎውም ከምጣዱ ሲወጣ በሰፌድ ተዘርግቶ ይቀዝቅዝ፤ እጅህን ሰደህ ምንም ሙቀት ሳይሰማህ ሲቀር ያን ጊዜ አሽግ።

አሠራሩን በአጭሩ ልበልህ። ዱቄት ሁሉ አየሩ ሲሳብ አብሮ ይነሳና አፉ ላይ ይነሰነሳል፤ ዱቄት ያለበት አፍ ደግሞ አይገጥምም፣ ማሽኑም ይበላሻል። በሶውንና ሽሮውን መጀመሪያ በወረቀት ከረጢት አድርገህ ከዚያ ላስቲኩ ውስጥ ክተት፣ ወይም ከላዩ ንጹሕ ሶፍት አጥፈህ አልብሰው። ከምግቡ በላይ አራት ጣት ባዶ ተው። አፉን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ ቅባት ከነካው አይያዝም። ሁለት ጊዜ ግጠመው። ድርቆሽ እንደ እሾህ ነው፣ አየሩ ጥርግ ብሎ ሲወጣ ላስቲኩን ይበሳዋል፤ እርሱን በወረቀት ጠቅልልና አየሩን ግማሽ ሳብ አድርገህ ማሸጊያውን ብቻ ተጫን። ንጥር ቅቤ ከፈለጋችሁ አረፋው እስኪጠፋ ይነጠር፣ ቅመሙ በሚገባ ይጥለል፣ ረግቶ ሲጠነክር ይታሸግ፤ ፈሳሽ ሆኖ ከገባ ማሽኑ ይጠጣዋል። ቀኑን በላዩ ጻፍበት። ሌሊት አታሽግ፤ መብራት መሃል ላይ ጥሎህ ቢሄድ ግማሽ የተሳበውን እንደታሸገ ቆጥረህ ትተኛለህ።

መጠኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ትልልቅ እሽግ አታብጅ። አንድ እሽግ የአንድ ጊዜ መብል ይሁን፤ የተከፈተ ላስቲክ ሜዳ ላይ መልሶ የሚገጥመው የለም፣ የተራራው ጉምም እርጥበት ነው። ስኒ ይዘህ ቁጭ በል፤ ለአንድ ሰው በሶ ስንት ስኒ እንደሚበቃ ቤትህ በጥብጠህ ጠጣና እወቅ፣ ከዚያ በሰውና በቀን አባዛ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።» ከተወሰነው ቀን በላይ ደግሞ የአንድ ቀን ጨምር። የስንቅ ነገር አገርም ያሰጋ ነገር ነው። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ዘመቻ ጦሩ ወራት ከርሞ ስንቁ ወደ ማለቁ ነበር፤ የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲዬሪም የእኛ ሰው ተርቦ እንዲበተን ይጠብቅ ነበር፣ የእርሱም ጦር ስንቅ ይመናመንበት ነበር። የካቲት 23 ከነጋ በኋላ የሆነውን ታውቃለህ። በእኛ በአዊ ጥር 23 በመጣ ቁጥር ፈረሱ አጊጦ ይወጣል፣ ዓድዋ የዘመቱት ፈረሶች ይወደሳሉ፤ ይገባቸዋል። እኔ ግን ያን ቀን ሁልጊዜ የማስበው የዘማቹን በሶ የቆላችውንና የፈጨችውን ሴት ነው፣ ስሟን የጠራ አልሰማሁም።

ወደ ጉዟችሁ ልመለስ። በስሜን ያለው የጨነቅ ሰፈር 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በየ300 ሜትሩ ሽቅብ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ወደ 1 ዲግሪ ይቀንሳል፤ እዚያ በ88 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል ማለት ነው። ምስርና ባቄላ ይዛችሁ ብትወጡ እንጨቱም ጋዙም ያልቅና ጥሬ ትበላላችሁ። ሽሮ ተቆልቶ የተፈጨ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል። በሶ እሳትም አይፈልግም። የፈላ ውሃ ላስቲኩ ውስጥ አታፍስሱ፣ እሽጉ ላይ እንደሚችል ካልተጻፈ በቀር፤ ድስት ያዙ።

ከሱቅ የገዛኸው አየር ያለበት የድንች ጥብስ ከፍታው ላይ እንደ ፊኛ ሲነፋ አይተህ አትደንግጥ፣ የአየሩ ጠባይ ነው። አንተ አየሩን ጨርሰህ መጥጠህ ያሸግኸው ሲነፋ ግን ከፍታው ነው ብለህ አትለፈው። ውስጡ የሚተነፍስ ነገር አለ ማለት ነውና አትክፈተው። ስትመለሱም ባዶውን ላስቲክ አንድም ሳትተዉ ይዛችሁ ውረዱ፤ ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያኝከው ይችላል።

«አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» ይባላል። የስንቅ ቦርሳህን በቅሎ ላይ ስትጭን ቢያንስ የአንድ ቀን መብል በራስህ ጀርባ ላይ ይሁን። በቅሎው ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፣ ጉሙ መንገድ ያጠፋል።

ስሜን ከመድረሳችሁ በፊት ግን አንድ እሑድ ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ እንጅባራ ኑ፣ ዘንገና ሐይቅ ዙሪያውን ሂዱና ያሸጋችሁትን እዚያ ብሉ። ቢላ ረስታችሁ እሽጉን በጥርስ ስትታገሉ፣ በሶው ጨው አንሶት፣ ዳቦ ቆሎው በዝቶ ስታገኙት እዚያ ይሻላል። እኔ በሐሙሱ ሚኒባስ ሦስት ኪሎ በሶ እልክላችኋለሁ። ገብሱ የባንጃ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ነው የቆላሁት፣ ይኸው እየጻፍሁልህ ሰፌዱ ላይ እየቀዘቀዘ ነው። ከዘንገና ስትመለሱ ደውልልኝ፤ የትኛው ላስቲክ አየር እንዳስገባ፣ በየትኛው ጥግ እንደሆነም ለይተህ ንገረኝ።