ፈረስ ሲያረጅ ሐቁም አብሮት ያረጃል?

  

ባለፈው ጁምዓ ሰግደን ስንወጣ አስፋልቱ መሃል አንድ ፈረስ ቆሞ አየን። ደረቱ ላይ የጋሪ ማሰሪያ የላጠው ቦታ ጠጉር የለውም። የኋላ እግሩ ላይ እባጭ ፈንድቶ ዝንብ ወሮታል። ባጃጆች ክላክስ እያሰሙ በግራና በቀኙ ያልፋሉ፤ እሱ ግን ጆሮውን እንኳ አያነቃንቅም። አብሮን የነበረ ልጅ «የማን ነው?» አለ። አንዱ «የማንም አይደለም፣ አርጅቶ የተጣለ ነው» ብሎ መለሰለት። ሁላችንም መንገዳችንን ቀጠልን።

«የማንም አይደለም» የሚለው ቃል ግን አልለቀቀኝም። እንዲህ ዓይነት ፈረስ የማን እንደሆነ አውቃለሁና። አንዱ የኛ ነበር።

ያደግኩት ሀደሮ ነው። በአካባቢያችን ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ እንስሳ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። ማታ ላሟ፣ በጎቹና ፈረሱ በአንድ ወገን ይታሰራሉ፤ እኛ በሌላው ወገን እንተኛለን። ጠዋት እናቴ እበቱን አውጥታ የእንሰቱ ሥር ታፈሳለች። እበት ያላገኘ እንሰት ይቀጭጫል፤ በበጋ ሳሩ ሲደርቅ ደግሞ የእንሰት ቅጠል ከብቱን ያሻግራል። ቆጯችን ከእንሰቱ፣ እንሰቱ ከከብቱ፣ ከብቱ ከእንሰቱ ነበር። በግ የሚረባው ለዐረፋ ወይም ለደብተርና ለዩኒፎርም መግዣ ነው።

ፈረሳችን ግንባሩ ላይ ነጭ ስለነበረበት ቦራ እንለው ነበር። አባቴ ጋሪ ይነዳበታል። ሀደሮ ያኔ በዝንጅብል የምትታወቅ ነበረች፤ በገበያ ቀን ቦራ የዝንጅብል ጆንያ ሲያመላልስ ይውላል። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ ገብቶ ማሳውን ጨረሰው። ጭነት ጠፋ፣ ገቢ ቀነሰ፣ የቦራ ፉርሽካም ቀነሰ። ቀጥሎ እግሩ ላይ እባጭ ወጣ። መጀመሪያ የባቄላ ፍሬ ያህል ነበር፤ ከዚያ በእግሩ ላይ ተደርድሮ መፈንዳት ጀመረ። ማነከስ ሲጀምር ጋሪው ቆመ።

አንድ ሌሊት አባቴ ቀሰቀሰኝ። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወደ ዋናው መንገድ ወስደን ፈታነውና ተመለስን። ጠዋት በሩን ስንከፍት ቦራ ደጃፋችን ላይ ቆሟል። ፉርሽካውን እየጠበቀ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት በጣም ርቀን ወሰድነው። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። የዚያን ቀን እራት አልበላም። እኔም እስከ ዛሬ ስለ ቦራ አንስቼበት አላውቅም።

ይህን የምጽፈው አባቴን ለመክሰስ አይደለም። አንድ ጥያቄ አብረን እንድንመረምር ነው፦ እንስሳ በኛ ላይ ያለው ሐቅ የጉልበቱ ደሞዝ ነው? ሲሠራ የሚከፈል፣ መሥራት ሲያቅተው የሚቆም? ወይስ ጥቅሙ ቢያልቅም የማያልቅ ሐቅ ነው?

መጀመሪያ ማን የማን እንደሆነ እንይ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ነሕል መጀመሪያ ላይ የቤት እንስሳትን፣ ፈረሶችን፣ በቅሎዎችንና አህዮችን እርሱ እንደፈጠረልን ይነግረናል። ልንጠቀምባቸው ተፈቅዶልናል። በሱረቱል አንዓም 38ኛው አንቀጽ ደግሞ በምድር ላይ የሚንቀሳቀሱት ሁሉ እንደኛው ኡመቶች መሆናቸውን ያሳውቀናል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነብ መልሱ ግልጽ ነው። እንስሳው በእጃችን ያለ አማና ነው፤ ባለቤቱ አላህ ነው። አማና ደግሞ ስላልጠቀመኝ ተብሎ መንገድ ላይ አይጣልም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አንድ አንሷሪ የአትክልት ቦታ ገቡ፤ አንድ ግመል ሲያያቸው አቃሰተ፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ቀርበው ዳበሱትና ባለቤቱን አስጠሩ። አላህ በሰጠው በዚህ እንስሳ ጉዳይ አላህን እንደማይፈራ ጠየቁት፤ ግመሉ እንደሚያስርበውና እንደሚያደክመው ከሶት ነበርና። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ያ ሰው ሶሓባ ነው፣ ግመሉም በሕግ የራሱ ነው። ንብረቱ መሆኑ ግን ከተጠያቂነት አላዳነውም።

የሻፊዒ መዝሀብ ታላቅ ዓሊም ዒዝ ኢብን ዐብዱሰላም፣ በ660 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት፣ «ቀዋዒዱል አሕካም» በተባለው ኪታባቸው እንስሳ በሰው ላይ ያሉትን ሐቆች ዘርዝረዋል። የማይችለውን አለመጫን፣ ማረፊያውን ማሳመር፣ ልጁን በዓይኑ ፊት አለማረድ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ከሁሉ ፊት ያስቀመጡት ግን ቀለቡን ነው፤ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ምንም የማይጠቅም ቢሆን እንኳ ቀለቡ በባለቤቱ ላይ እንዳለ ይናገራሉ። ይህ የተጻፈው ከ750 ዓመት በላይ በፊት ነው። የቦራን ጉዳይ ያዩ ይመስል!

«እኛ እኮ አስረን አላስራብነውም፣ ፈተን ለቀነው» የሚል ይኖራል። እኔም ለዓመታት ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነበር። ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቃለን። ሴትየዋ የተወቀሰችው አለማብላቷ ብቻ ሳይሆን፣ ከምድር ተባዮች ፈልጋ እንድትበላ አለመልቀቋም ጭምር ነው። ታዲያ መልቀቅ ከወቀሳ ያድናል? ድመት ስትለቀቅ አድና ትበላለች። እግሩ የቆሰለ ፈረስ አስፋልት ላይ ሲለቀቅ ምን ይበላል? ሳሩ የሰው አጥር ውስጥ ነው፤ ሲጠጋ በድንጋይ ይባረራል። እኛ የፈታነው ገመዱን እንጂ ረሃቡን አልነበረም።

ሌላው ጥያቄ ግን ከባድ ነው፤ በቀላሉ ልናልፈውም አይገባም። አባቴ አምስት ልጆች ነበሩት። ለማይሠራ ፈረስ ፉርሽካ ይግዛ ወይስ ለልጆቹ በቆሎ? ፉቀሃዎች እንስሳውን መቀለብ ያልቻለ ባለቤት፣ ለሚቀልበው ይሽጠው፣ የሚበላ ከሆነም ይረደው ይላሉ። ያነከሰ የጋሪ ፈረስ ግን ገዢ የለውም፤ በኛ አገር ደግሞ ፈረስ አይበላም። ባለጋሪው ሁሉ መንገድ ተዘግቶበታል። አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም።

እዚህ ላይ ስደርስ አንድ ነገር ገባኝ። ቦራን የተጠቀመበት አባቴ ብቻ አልነበረም። ዝንጅብሉን ያስጫነው ነጋዴ ነበር። ከገበያ የተሳፈሩ እናቶች ነበሩ። «አንድ ሰው ይጨመር፣ ይችላል» ብለን አምስተኛና ስድስተኛ ሆነን የወጣን እኛ ነበርን። ሁላችንም በርካሽ ሄድን፤ ርካሽ የሆነው ግን ቀሪውን ፈረሱ በጀርባው ስለከፈለልን ነው። ሁላችን የበላነውን ዕዳ በመጨረሻው ሌሊት አንድ ድሃ ሰው ብቻውን እንዲከፍል ተውነው። ከዚያም ፈረሱን መንገድ ላይ ስናይ «የማንም አይደለም» አልን። የማንም ሳይሆን የሁላችንም ነበር።

የቀደሙት ሙስሊሞች ይህን ተረድተው ነበር። ሙስጠፋ አስ-ሲባዒ ስለ እስልምና ስልጣኔ በጻፉት ኪታብ፣ በደማስቆ ባለቤቶቻቸው ሊቀልቧቸው ያልፈለጉ አቅመ ደካማ እንስሳት እስኪሞቱ የሚግጡበት የወቅፍ መስክ እንደነበረ ይነግሩናል። ሸክሙን ከአንድ ሰው ትከሻ አውርደው ለጀመዓው አካፈሉት ማለት ነው። እኛም የፈረስ አገር ሰዎች ነን። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ጸሐፊ ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ የሀዲያን የሙስሊም ግዛት ሲገልጹ 40,000 ፈረሰኛ እንዳለው ጽፈዋል። በዚህ የምንኮራ ከሆነ፣ ለአንድ ያረጀ ፈረስ የሚሆን ሳር ልናጣ አይገባም።

ልጅ ሆኜ ሱረቱል ዓዲያትን የሐፈዝኩት ጋሪው ላይ ተቀምጬ ነው። ኡስታዙ ዘንድ እስክንደርስ ከቦራ ጀርባ ሆኜ እደጋግማት ነበር። 11 አንቀጽ ናት። አላህ በሚሮጡ ፈረሶች ይምላል፤ ሲያለከልኩ፣ በሰኮናቸው እሳት ሲያጭሩ፣ አቧራ ሲያስነሱ። ከዚህ ሁሉ መሐላ በኋላ የሚመጣው ግን የሰው ልጅ ለጌታው ውለታ ቢስ መሆኑ ነው። ያኔ ትርጉሙን አላውቅም ነበር። አሁን ሳነባት፣ ፈረስ ላበላው ሰው ሲታዘዝ፣ ሰው ግን ለፈጠረውና ለሚመግበው ጌታ እንዴት እንደሚሆን አስባለሁ። ከተጣለ በኋላ ጠዋት ደጃፋችን ላይ የቆመው ማን እንደነበረም አስታውሳለሁ።

በሙስሊም ሐዲስ እንደተዘገበው የቂያም ቀን ሐቅ ሁሉ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ቀንድ የሌላት በግ እንኳ ቀንድ ካላት በግ ሐቋን ታገኛለች። በግና በግ መካከል ያለው ካልተረሳ፣ በኔና በቦራ መካከል ያለው ይረሳል?

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልናደርገው የምንችለው አለ። ጋሪ ከሞላ አንጨመር። ቤታችን የጋሪ ፈረስ ወይም አህያ ካለ፣ ከዕለት ገቢው ጥቂቷን ለራሱ እናስቀምጥለት፤ የማረፊያው ቀለብ እንድትሆን። ቁስሉን እናጥብ፤ የታመመ ፈረስ የታሰረበትን ዕቃ ለሌላ ፈረስ አንጠቀም፣ በሽታው በቁስልና በዝንብ ይተላለፋልና። እባጩ ገና ትንሽ ሳለ ለእንስሳት ሐኪም እናሳይ፤ ከገፋ በኋላ ማዳን ይከብዳል። የአንድ መስጂድ ልጆች ደግሞ ተራ ገብተን አንድ የተጣለ እንስሳ መቀለብ አያቅተንም።

ያንን ፈረስ ከዐስር ሶላት በኋላ ሦስት ሆነን ተመልሰን ፈለግነው። አሁን ከሌሎች ፈረሶች ርቆ የአንዳችን እንሰት ጥግ ታስሯል። ሐኪም አይቶታል፤ ሊድን እንደማይችል ነግሮናል። ሳር በተራ እናመጣለን። ለምንም አይጠቅመንም። ግን አሁን የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ቢመጣ መልስ አለን።

ዛሬ ማታ ኢንሻአላህ ለአባቴ እደውልለታለሁ። ስለ ቦራ አብረን ተውበት እንድናደርግ እፈልጋለሁ።

ያ አላህ! መናገር በማይችሉት ላይ የበደልነውን ማረን። በእጃችን ያለውን አማና የምንጠብቅ አድርገን። ድሃውን ብቻውን ዕዳ ተሸካሚ ከማድረግ ጠብቀን። አሚን።